የጠቀሰኝ ሰው

ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ሥራ አልገባሁም። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። ድንገት አንድ ኢሜይል ገባ። ከፈትሁት፤ አነበብሁት፤ ዓይኔን ስላላመንሁት ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣

«እማዬ! ሰው ጠቀሰኝ!» አልሁ።

እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። አንዲት ምስር እንኳ እንዳትፈስ ተጠንቅቃ ነው ያስቀመጠችው።

«ማነው እሱ?»

«አላውቀውም።»

«ሳታውቂው ነው የጠቀሰሽ? የት አገኘሽ?»

«የትም አላገኘኝም። ሕንድ አገር ነው ያለው።»

«ሕንድ አገር ሆኖ?» አለችና ስልኬን በጥርጣሬ አየችው። «በዚህ በኩል ነው?»

«አዎ፣ በዚህ በኩል።»

«ሥራስ አለው?»

«ፕሮፌሰር ነው። እንደ እኔው የማደንዘዣ ሐኪም ነው።»

እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን! አንተ የምትሠራውን ታውቃለህ!» አለች።

ምን እንዳልሁ የገባኝ ያኔ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ባል የለኝም። እናቴ ለወግ ለማዕረግ እንድታየኝ በጣና ዙሪያ ጃንጥላ ያልተሳለችለት ታቦት የለም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ሌላ የሚያሳስባት ነገር አልነበረም።

«አይ እማዬ! በዓይኑ አይደለም!» አልኋት። «በጽሑፉ ነው። እሱ በጻፈው ጥናት ውስጥ የኔን ጥናት አንሥቶ ጠቀሰው። እሷ እንዲህ ብላ ጽፋለች አለ ማለት ነው።»

«በዓይኑ አይደለም?»

«አይደለም።»

ሰፌዱን መልሳ አነሣች። የቀረው ምስር በቁጣ ነው የተለቀመው።

ደስታዬን ለሌላ ሰው ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሥራዬ ባሕር ዳር ውስጥ ነው፤ ግማሹን ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል እገባለሁ፣ ግማሹን አስተምራለሁ። ሙያችን ሲሰምር ማንም አያስታውሰንም። በሽተኛው ይተኛል፣ ይነቃል፣ ቀዶ ሐኪሙን አመስግኖ ይሄዳል። እኛ ከራስጌው ቆመን አብረነው እንደዋልን እንኳ አያውቅም። ለዚያ ነው መሰለኝ ቢያንስ በጽሑፍ ልታወስ ብዬ ጥናት የጀመርሁት።

የመረጥሁት ነገር መንቀጥቀጥ ነበር። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ ከወሰዱ በኋላ ብዙ ሰዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥርሳቸው ይጋጫል፤ አልጋው ራሱ ይንገጫገጫል። በደም ሥር የሚሰጠውን ግሉኮስ አሙቆ መስጠት ይህን ይቀንሰው እንደሆነ መረመርሁ። ብዙም አይቀንሰውም የሚል ነገር አገኘሁ፤ ጻፍሁት፤ አንድ ጆርናል አተመው። የዚያን ሳምንት ዓለም ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚያነብበኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አራት ዓመት ዝም አለ።

የተመራማሪ ዋጋ የሚለካው በመጠቀሱ ነው። ስንት ሰው ጽሑፍህን እንዳነሣ የሚቆጥር ገጽ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ጥርሴን ሳልፍቅ እሱን እከፍታለሁ። ዜሮ። ክብ፣ ለስላሳ፣ የማትናወጥ ዜሮ። ኢንተርኔቱ ይሆናል ብዬ ከሌላ ስልክ አየሁ። ያው ዜሮ። ቢሮዬ አጠገብ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ግን ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። አንድ ቀን ምሥጢሩን ጠየቅሁት።

«ተይው ባክሽ፣» አለኝ፣ «ግማሹን ራሴን የጠቀስሁት ነው።»

መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን የሚጠቅስ ሰው ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ግን ራሴን ልጠቅስ ብል እንኳ ያለኝ ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ የዜሮዋ መጨረሻ ነበር። አባቴ ቀትር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ በር ላይ ጠብቄ ነገርኋቸው። አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ‹እገሌ የተባለ መምህር ይህን ቃል እንዲህ ተረጎመው፣ እገሌ ግን እንዲያ አለ› ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ትልቅ ነገር ነው!» አሉ፤ ጥምጥማቸውን እየፈቱ። ቀጥለው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «የጠቀሰሽ ለመደገፍ ነው ለመንቀፍ?»

«እ?»

«ቃልሽን ያነሣው ይዞት ሊሄድ ነው ወይስ ሊጥለው?»

አላነበብሁትም ነበር። ስሜን ብቻ አይቼ ነው የዘለልሁት። አባቴ ምሳቸውን እስኪበሉ ጽሑፉን አወጣሁትና ስሜን ፈለግሁ። ከመጨረሻው ገጽ በፊት ነበር። ግሉኮስን ማሞቅ እንደሚጠቅም ብዙ ጥናቶች ተደርድረው፣ ከእነዚህ የተለየ ነገር ያገኘ አንድ ጥናት እንዳለ ይናገራል፤ ያም ጥናት የክፍሉን ሙቀት ስላልለካ ውጤቱን ማመን ያስቸግራል ይላል። ያ አንዱ ጥናት እኔ ነኝ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ለመንቀፍ ነው፣» አልሁ።

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «መጀመሪያውንም ዓይኑ ጥሩ አይደለም ብዬ ነበር!» አለች። እንዲህ ያለችበትን ጊዜ እስከ ዛሬ አላስታውስም።

እውነቱን ለመናገር ያቃጠለኝ መነቀፌ አይደለም፤ ሰውየው ልክ መሆኑ ነው። የክፍሉን ሙቀት አልለካሁም። ግድግዳው ላይ የነበረው መለኪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እኔም ‹ክፍል ክፍል ነው› ብዬ አለፍሁት። ባሕር ዳር ደግሞ ውጭው ሲሞቅ ቀዶ ሐኪሞቹ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። ከበሩ ወዲህ ሰው በላብ ይጠመቃል፤ ከበሩ ወዲያ ጉና ተራራ ላይ የወጣህ ይመስልሃል። በዚያ ብርድ ውስጥ የሞቀ ግሉኮስ ምን ያድርግ!

እሑድ ከሰዓት አባቴ «ነይ እንውጣ» አሉኝና ጣና ዳር ወረድን። ደንገሉ አጠገብ ባለ ግንድ ላይ ተቀመጥን። አንድ ታንኳ ማገዶ ጭና ቀስ እያለች ታልፋለች። አባቴ ታንኳዋን በዓይናቸው እየሸኙ ማውራት ጀመሩ።

«ተማሪ ሳለሁ ከጎንደር ወዲህ አንድ ጉባኤ ቤት ነበርሁ። የኔታ አንድ ቀን ስለ አንዲት ቃል ጠየቁ። እኔ ከሌላው ልብለጥ ብዬ ማንም ያላለውን ትርጉም ከራሴ አወጣሁ። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ‹ይህ አይደለም› አሉና ለምን እንዳልሆነ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አስረዱ። ተማሪው ሁሉ ያየኛል። በጣም አፈርሁ። በማግሥቱ ጓዜን ጠቅልዬ ጠፋሁ።»

«የት ሄዱ?»

«ማክሰኝት። ገበያ ቀን ነበር። ወዲያ ወዲህ ስል ሽንኩርት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። ‹ተማሪ፣ ከየት ነው የጠፋኸው?› አሉኝ። ነገርኋቸው። ‹ስንት ናችሁ ጉባኤው ላይ?› አሉኝ። አርባ ግድም ነን አልኋቸው። ‹ለእያንዳንዳችሁ እንዲህ እስከ ምሳ ያስረዳሉ?› አሉኝ። ኧረ የለም፣ ሌላውን ‹ተቀመጥ› ብለው ነው የሚያልፉት አልሁ። ‹እንግዲያ አንተን ከቁም ነገር ቆጥረውሃል። በል ተመለስ፤ መንገዱ ሳይመሽብህ› አሉኝ። ተመለስሁ።»

«ትርጉሙስ በኋላ ልክ ሆኖ ተገኘ?»

«ፍጹም ስሕተት ነበር፣» አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሰኞ ቢሮዬ ገብቼ ለሕንዱ ፕሮፌሰር ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን አጠፋሁ፤ የመጀመሪያው ቁጣ ነበር፣ ሁለተኛው ልመና። በሦስተኛው አንድ ነገር ብቻ አልሁ፦ ልክ ነዎት፤ የክፍሉን ሙቀት አልለካሁም፤ እንደገና ብሠራው ምን ይመክሩኛል? ይንቀኛል ብዬ ስጠብቅ በሁለተኛው ቀን ረዥም መልስ መጣ። ምን ምን መለካት እንዳለብኝ፣ በየስንት ደቂቃው፣ የት ላይ ቆሜ፣ ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል። ከታች ደግሞ እሱም በወጣትነቱ አንድ ጊዜ መለኪያውን ሳይከፍት ቀኑን ሙሉ ሲለካ እንደዋለ ይናገራል።

«ጻፈልሽ?» አለች እናቴ ማታ።

«ጻፈልኝ።»

«ረዥም ነው?»

«ሁለት ገጽ።»

«እንግዲህ፣» አለች፣ እኔ የማላውቀውን ነገር እንደምታውቅ ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች።

ከሆስፒታሉ የምርምር ፈቃድ አግኝቼ ሥራውን እንደገና ጀመርሁ። የክፍል ሙቀት መለኪያ ግን በከተማው ጠፋ። በመጨረሻ ያገኘሁት ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ የዶሮ መኖና የዶሮ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ለጫጩት ቤት የተሠራ ነበር። ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ፣ ከጎኑ ግን ሥዕል አለበት፦ ከታች ተኮማትረው እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ጫጩቶች፣ መካከል ላይ ደስ ብሏቸው የሚበሉ ጫጩቶች፣ ከላይ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ። ላቦራቶሪ ወስጄ ከደህናው መለኪያ ጋር አመሳከርሁት፤ አልዋሸም። ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዶ ሐኪማችን ሲገባ የመጀመሪያ ንግግሩ «ዛሬ ጫጩቶቹ እንዴት አደሩ?» ሆነ። ግዙፍ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ቶሎ የሚያልበው ሰው ነው። ሙቀቱን መካከለኛዎቹ ጫጩቶች ላይ ሳደርሰው እሱ ከላይ እንዳሉት ማለክለክ ይጀምራል።

«እኔንም አስቢኝ እንጂ!» ይላል። «ላቤ ቁስሉ ላይ ቢንጠባጠብ ምን ልትይ ነው?»

«ነርሷ ትጠርግልሃለች።»

«ታዲያ ነርሷ እኔን ትጥረግ በሽተኛውን ትርዳ?»

ነገሩ እውነት አለው። ስለዚህ ተስማማን፦ በሽተኛው ገብቶ፣ ተወግቶ፣ ተሸፍኖ እስኪያበቃ ክፍሉ ሞቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለእሱ ሲባል ይቀዘቅዛል። ስምምነቱ እንዲከበር ሪሞቱን ኪሴ ውስጥ አደረግሁት። አንድ ሳምንት በሰላም ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ኤሲው ብቻውን እየተነሣ አስቸገረኝ፤ ሪሞቱ ኪሴ ነው፣ ጫጩቶቹ ይኮማተራሉ። ተበላሸ ብዬ ባለሙያ ላስጠራ ስል፣ ቀዶ ሐኪሙ በእግሩ ጣት ቆሞ የኤሲውን ሆድ ሲነካ ያዝሁት። ለካ ማሽኑ ራሱ ላይ መክፈቻ አለ!

«እዚህ መክፈቻ እንዳለ ታውቅ ነበር?» አልሁት።

«በአጋጣሚ ነው፣» አለ፤ ጣቱ ገና ማብሪያው ላይ ነው።

ወራት ፈጀ። አንድ ቀን አንዲት በምጥ ብዛት ደክማ ለቀዶ የገባች እናት ከመርፌው በኋላ አንዳች ሳትንቀጠቀጥ ልጇን ታቀፈች። እኔ በኩራት ራስጌዋ ቆሜያለሁ። ምን ተሰማሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«እንዴ፣ ሙቀቱ ገደለኝ! ምናለ መስኮት ብትከፍቱ?» አለች።

ቀዶ ሐኪሙ መቀሱን ይዞ ጣራ ጣራውን አየ። «እኔ አንዲት ቃል አልተናገርሁም፣» አለ።

ውጤቱ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ጥናቴ ስሕተት መሆኑ ታወቀ። የሞቀው ግሉኮስ ይጠቅማል፤ ብርድ ክፍል ውስጥ ግን ጥቅሙ ይደበቃል። ይህንኑ ጻፍሁ። የፊተኛውን ላተመው ጆርናልም የጎደለውን ነገር አሳወቅሁ። ራሱን የሚጠቅሰው ባልደረባዬ ሊያምነኝ አልቻለም።

«ሰው የራሱን ስሕተት በራሱ ስም ያሳትማል?»

«በማን ስም ላሳትመው?» አልሁት።

ጽሑፉን ከመላኬ በፊት ፕሮፌሰሩ በቪዲዮ እንነጋገር አለኝ። እናቴ ይህን ሰማች። በቀጠሮው ቀን ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ ከኮምፒዩተሩ ጎን፣ እሷ እንዳትታይ ሆና ተቀመጠች። «አንድ ጊዜ መልኩን ልየው ብቻ» አለች። ደወለ። ከፈትሁት። ስክሪኑ ላይ ሽበታም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የጠገበ ፊት ያላቸው ሴትዮ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ማራገቢያ ይሽከረከራል።

እናቴ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ «እናቱ ናት?» አለችኝ።

«አይደለም፣» አልሁ፤ እኔም ገና እየገባኝ። «ራሳቸው ናቸው።»

ያን ሁሉ ወራት ስማቸውን ብቻ አይቼ ወንድ ናቸው ብዬ ነበር። አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም፤ የክፍሉን ሙቀት ሳልለካ እንዳለፍሁት ሁሉ። ፕሮፌሰሯ አጠገቤ የሚያንሾካሽክ ሰው ሰምተው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እናቴን ወደ ስክሪኑ ጎተትኋት። ሁለቱ ሴቶች ረዥም ጊዜ እጅ ተነሣሡ፤ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በራሳቸው ቋንቋ፣ ማንም ሳይተረጉም። ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣

«ጠይቂያት፤ ያላገባ ወንድ ልጅ አላት?» አለች።

«እናቴ ጤና ይስጥልኝ ትላለች፣» ብዬ ተረጎምሁ።

ፕሮፌሰሯ የእናቴን ፊት ትንሽ አጥንተው ሳቁ። «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱም አግብተዋል በያት፣» አሉኝ። ሙያቸው በሽተኛው ሳይናገር ማወቅ ነውና እንዴት እንደገባቸው አልጠየቅሁም። እናቴ መልሱን ስትሰማ «እንዳመጣጡ ይቀበሉታል» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ በስልክ ይተያያሉ።

ሁለተኛው ጥናት ወጣ። ፕሮፌሰሯ ጠቀሱት፤ ሌሎችም ተከተሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አስነሥተው አስጨበጨቡልኝ፤ ለማዕረግ ዕድገትም ሰነዴን አስገባሁ። ያን ጊዜ ነው አንድ የሚያስቅ ነገር ያየሁት። ከሁለቱ ጽሑፎቼ ይበልጥ የተጠቀሰው የመጀመሪያው፣ የተሳሳተው ነው። ሰው ሁሉ ‹የክፍል ሙቀት ካልተለካ እንዲህ ይሆናል› ለማለት እኔን ያነሣል። የዕድገት ኮሚቴው ግን ለምን እንደተጠቀስሁ አልጠየቀም፤ ቁጥሩን ደምሮ አሳለፈኝ። ለአባቴ ስነግራቸው የለበሱትን ጋቢ አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ባለፈው ዓመት ለሁለት ቀን ሥልጠና ጎርጎራ ተጠራሁ። በዙሪያው ካሉ ትንንሽ ሆስፒታሎች የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ክፍል ሙቀት፣ ስለ ሪሞቱ ሳይቀር አስተማርሁ፤ ሳቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ እጃቸውን አወጡ። በሆስፒታላቸው ማደንዘዣ የሚሰጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«መምህርት፣ እኛ ዘንድ ኤሲ የለም፣» አሉ። «የሞቀ ግሉኮስም የለም። ግን ጠዋት የሚገቡት ይንቀጠቀጣሉ፤ ከሰዓት የሚገቡት ብዙዎቹ አይንቀጠቀጡም። ለምንድን ነው?»

አፌን ከፈትሁ። የጠዋቱ ብርድ ነው፣ ሳይበሉ ማደራቸው ነው፣ ፍርሃት ነው፤ ሦስት መልስ መጣልኝ፤ አንዱንም ግን ለክቼ አላውቅም።

«አላውቅም፣» አልሁ። «ነገሩን በምን አወቁ?»

ከቦርሳቸው ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር አወጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የገባበትን ሰዓት፣ የልብሱን ዓይነት፣ በእግሩ ይምጣ በቃሬዛ፣ ይንቀጥቀጥ አይንቀጥቀጥ በሰማያዊ እስክርቢቶ መዝግበዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለታችን ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥንና ገጹን አንድ በአንድ እናገላብጥ ጀመር። እኔ በምርምር ቦታ ሆኜ ያልሠራሁትን ሰውየው ብቻቸውን ሠርተውታል።

«ይህ መታተም አለበት፣» አልኋቸው። «አብረን እንጻፈው። የሚቀድመው ስም የእርስዎ ነው።»

«የኔ ስም?» አሉና ደብተሩን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። 

«እንግዲያ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ፣» አሉ። «መጀመሪያ በሌላ ደብተር ልገልብጠው። ከሐኪም ጋር ስውል የእጅ ጽሑፌ ተበላሽቷል፤ አንዳንዱን ገጽ እኔም አላነብበውም።»